ፈርሙልኝ የሚለው ጠያቂ

ነገሩ ቀላል ነው፤ የማይወደደውም ቀላል ስለሆነ ነው። የወደቀን አንሣ፣ የታመመን ጠይቅ፣ ለራስህ እንዲደረግልህ የምትፈልገውን ለሌላው አድርግ። አለቀ። መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፣ ያላነበበም ያውቀዋል፤ አንብቦ እንዳላነበበ የሆነው ደግሞ ከሁሉም አብልጦ ያውቀዋል። ታዲያ እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የሰው እጅ ሲገባ መጀመሪያ ምን ይበጅለታል? ኮሚቴ።

ይህ የአንድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ታሪክ ነው። ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በከተማ አውቶቡስ ላይ ትኬት ሲቆጣጠር ኖሯል። ሥራው አውቶቡሱ ቆም ሲል ዘሎ መግባት፣ "ትኬት! ትኬት!" እያለ ከኋላ ወደ ፊት መሄድና እያንዳንዷን ወረቀት በመብሻ ቀጭ ማድረግ ነበር። አንዲት እርጉዝ ሴት አውቶቡስ ውስጥ ስትወድቅ አይቶ ትኬቷን ጠየቃት ተብሎ ተወርቶበታል። እሱ ግን ይህን ሲሰማ ደሙ ይፈላል። "ስም ማጥፋት ነው! መጀመሪያ አነሣኋት፣ ከዚያ ነው የጠየቅኋት" ይላል። መንደሩ ጋሽ ትኬት ይለዋል፤ ፊቱ ላይ ጋሼ፣ ከኋላው ጋሽ ትኬት።

ጡረታ ሲወጣ መብሻውን አስረከበ። ልማዱን የሚረከበው ግን አልተገኘም። ይዞት ወደ ጸሎት ቤት ገባና የሕሙማን ጠያቂ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው ሲታመም ጎረቤቱ ነጠላ ጫማውን አጥልቆ ብቅ ይል ነበር፤ ውኃ ይቀዳለታል፣ መስኮት ይከፍትለታል፣ ይሄዳል። አጀንዳ የለ፣ ቃለ ጉባኤ የለ። ጋሽ ትኬት ይህን ሲያይ ሊታመም ደረሰ። ወዲያው ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ እንደ ጡብ የሚከብድ መዝገብ ገዛና በማስመሪያ ከፋፈለው፤ ተራ ቁጥር፣ የታማሚ ስም፣ የሕመሙ ዓይነት፣ የተነበበው ምዕራፍ፣ የተገባበት ሰዓት፣ የተወጣበት ሰዓት። መጨረሻ ላይ ሰፋ አድርጎ፣ የታማሚው ፊርማ።

ዋናው እሷ ነበረች። "ፊርማ የሌለው ጥየቃ ጥየቃ አይባልም። መሄዳችን በምን ይታወቃል?" ይላል። ማን ዘንድ ነው የሚታወቀው ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከላይ ያለው ያለ ፊርማ ማየት ይቸግረዋል መሰለኝ።

እናም አሥራ ሦስት ሆነው ይሄዳሉ፤ አሥራ ሦስት ሰው፣ ሁለት ሰው በማይቆምበት ክፍል። እጁ የተሰበረውን በግራ እጁ አስፈርመዋል። እንቅልፍ ከስንት ቀን በኋላ የወሰደውን ቀስቅሰው "ተኝተህ አገኘንህ፣ እሰይ! በል እዚህ ጋ" ብለውታል። አንድ ቀንማ ሆስፒታል ሄደው አልጋ ቁጥር አሥራ አራትን ከበቡ። አሥራ አራት ራጅ ሊነሣ ወርዷል። አልጋው ላይ የተጋደመው ሶኬት ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪሺያን ነበር፤ ወገቡን ሊያሳርፍ ሁለት ደቂቃ ጋደም ማለቱ ነው።

"እኔ እኮ..." ሲል ጀመረ ምስኪኑ።

"አትናገር፣ አትድከም" አለው ጋሽ ትኬት፤ ትከሻውን ይዞ ወደ ትራሱ መለሰው።

ሃያ ደቂቃ ጸለዩለት። ጉበቱ እንዲድን ለመኑለት፤ ሰውየው ጉበቱን እየዳበሰ ያዳምጣል። መዝገቡ ሲመጣለት ፈረመ፤ ምን ያድርግ? እውነተኛው አሥራ አራት ከራጅ ሲመለስ አልጋው ሞቆ ጠበቀው። መዝገቡ ላይ "ተጠይቋል" ስለሚል ተመልሶ የሄደ ሰው አልነበረም።

ይህ ሰው ታላቅ እህት አለችው።

ቤቷ ከሱ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው፤ አንደኛ ፎቅ ላይ፣ መንገዱን የምታይ አንዲት ክፍል። ዕድሜዋን የፈጀችው ስልክ ማዞሪያ ቤት ውስጥ፣ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ አድርጋ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው። የማይነጋገሩ ባልና ሚስት "እሺ፣ ላገናኛችሁ፣ ግን አትጯጯሁ" እየተባሉ በሷ ድምፅ ታርቀዋል። ልጅ አልወለደችም። ጡረታ በወጣች በአራተኛው ዓመት ልብስ ልታሰጣ ስትወጣ ደረጃ ላይ ተንሸራተተች፣ ዳሌዋ ተሰበረ፣ ብረት ገባለት፣ ብረቱም አልያዘ አለ። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። አፏ ብቻ ነው ያልተሰበረው።

እንዲህ የተኛ ሰው በየሦስት ሰዓቱ ካልተገላበጠ ገላው ይቆስላል። ግራ፣ ቀኝ፣ ጀርባ። ሌላ ምስጢር የለውም። ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ ነው፣ ዲግሪ ግን አይጠይቅም።

ስትወድቅ ጋሽ ትኬት አሥራ ሁለቱን አስከትሎ መጣ። ምዕራፉ ተነበበ፣ ተዘመረ፣ ሰዓቱ ተጻፈ። ከዚያ መዝገቡን ደረቷ ላይ ዘረጋው።

"እትዬ፣ እዚህ ጋ ፈርሚልኝ።"

"ምኑን ነው የምፈርመው?"

"መጠየቅሽን።"

"አንተ የእናቴ ልጅ! እህትህን ስላየህ ደረሰኝ ልቁረጥልህ?"

"ሥርዓት ነው እትዬ። ለሁሉም እኩል ነው።"

"እኔ አውቶቡስ ላይ አይደለሁም። ትኬት የለኝም። ከፈለግህ አውርደኝ።"

አንዱ ሳል መጣበት፣ ሌላው ጣሪያ አየ። ጋሽ ትኬት መዝገቡን ዘጋ፣ እስክሪብቶውን ኪሱ ሰካ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ ደረጃውን ወረደ። አምስት ወር ሙሉ ያንን ደረጃ አልረገጠም። ተቀይሞ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ እንደሚለው አይቀየምም፣ ቂም ኃጢአት ነው። ነገሩ የአሠራር ጉዳይ ነበር። ካልፈረመች አይመዘገብም፤ ካልተመዘገበ አልሄዱም ማለት ነው፤ አልሄዱም ከተባለ ደግሞ ለምን ይሄዳሉ? እስቲ በዚህ ላይ መልስ ያለው ይምጣ።

ጸሎቱን ግን አላቋረጠም። ሐሙስ ሐሙስ በድምፅ ማጉያ ስሟን ጠርቶ ይጸልይላታል። ስሟ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይርገበገባል። ሴቶቹ እንባቸውን ይጠርጋሉ። "እንዴት ያለ ወንድም ነው!" ይባላል።

የሚያገላብጣት ጫማ ሰፊው ነበር።

ጫማ ሰፊው ከደረጃዋ ሥር፣ ሁለት ሰው በማትይዝ ጎጆ ውስጥ ነው የሚሠራው። ይሳደባል። መርፌ ሲወጋው የሚለውን እዚህ አልጽፈውም። ጸሎት ቤቱን የሚያውቀው በጫማው በኩል ብቻ ነው፤ ምእመናኑ ሶል የሚያስቀይሩት እሱ ጋ ነው። "ተንበርካኪ ሰው ጫማው ጣቱ ላይ ይላጣል" ይላል። "የጋሽ ትኬትን ግን ስንት ጊዜ ሠራሁለት፣ ሁልጊዜ የሚያልቀው ተረከዙ ነው። ቆሞ ሰው የሚጠብቅ ሰው ጫማ ነው።"

እሷ በዱላዋ ወለሉን ሁለቴ ትመታለች። እሱ ሽርጡን ያወልቃል፣ የማስቲሹ ሽታ እንዳይከብዳት እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ይወጣል። እንዳትወድቅ ብሎ የአልጋዋን እግሮች በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ አድርጎላታል። ለሶል ከሚጠቀምበት ስፖንጅ ቆርጦ ተረከዟ ሥር የሚገባ ትራስ ሰፍቶላታል። ገላዋን የምታጥባትና ማታ ማታ የምታገላብጣት ሚስቱ ናት፤ ቀን ቀን ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ፈርሙልን ያለ የለም። ይልቁንም አምስት ወር ሙሉ ሲሰዳደቡ ነው የከረሙት።

"ቀስ በል፣ ቦት ጫማ መሰልኩህ?"

"ቦት ጫማ ብትሆኚማ እስካሁን ሸጬሽ ነበር፣ እማማ።"

ከዚያ የጫማ ሰፊው ዓይን መጣ። ሞራ ጋርዶታል፤ ክሩን መርፌ ውስጥ የሚያስገባው በግምት ነው፤ አንዴ ሶልን ከጣቱ ጋር አንድ ላይ ሊሰፋ ለጥቂት ተረፈ። ስምንት ወር የጠበቀው የቀዶ ጥገና ተራ ደረሰ። ይህ ተራ ካለፈው ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ሐኪሙም አስጠንቅቆታል፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሁለት ሳምንት መጎንበስ የለም፣ ከባድ ማንሣት የለም፣ አለዚያ ዓይኑ አይተርፍም።

በዚያው ሰሞን ነርሷ መጣች፣ እህትየዋን ገልበጥ አድርጋ አየችና ከንፈሯን ነከሰች። ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ አጥንቱ ላይ፣ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ቀይ ምልክት ወጥታለች።

"ይሄ ከተከፈተ፣ በእሷ ዕድሜ መዝጋቱን እንጃ" አለች ነርሷ፣ ለጫማ ሰፊው ደረጃው ላይ። "በእንዲህ ያለ ቁስል ሰው ይሞታል። ሰዓቱ እንዳያልፋት።"

ጫማ ሰፊው ማክሰኞ ዕለት ሽርጡን እንደታጠቀ ጸሎት ቤት ሄደ። አሥራ ሦስቱ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ ጥናት ላይ ናቸው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ። ነገ ዓይኔን ልቀደድ ነው። ነገን ሚስቴ ፈቃድ ወስዳለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ለሁለት ሳምንት ቀን ቀን እህትዎን የሚያገላብጥ ሰው ያስፈልጋል። ምልክት ወጥቶባታል።"

"ወንድሜ፣ ጥናት መሐል ነው የመጣኸው" አለ ጋሽ ትኬት፣ ጣቱን መጽሐፉ ውስጥ እንዳደረገ።

"ምን እያጠናችሁ ነው?"

"ባልንጀራዬ ማን ነው የሚለውን። ሰባተኛ ሳምንታችን ነው።"

ጫማ ሰፊው በደከመች ዓይኑ አንድ በአንድ አያቸው።

"የቤት ቁጥሩን ልንገራችሁ?" አለ።

ሁሉም ባንድ ጊዜ መናገር ጀመሩ። ዘማሪዋ፣ ድምፀ መረዋ ሴትዮ፣ እኅታችን ሴት ስለሆነች ሴት ታገላብጣት አለችና ከሴቶቹ መሐል ማን እንደሆነች ሳትናገር ተቀመጠች። አንዱ ወገቡን እንደሚያመው አስታወሰ፤ እስከዚያች ደቂቃ አያመውም ነበር። ጸሐፊው፣ ደብዳቤ መጻፍ የሚወድ ቀጭን ሰውዬ፣ ጉዳዩን የሚያጠና ንዑስ ኮሚቴ ይቋቋም አለ። ንዑስ ኮሚቴው እዚያው ተቋቋመ፣ እዚያው መከረ፣ የውሳኔ ሐሳብም አቀረበ፤ ሐሙስ ረፋድ ላይ መላው ኮሚቴ ወጥቶ ልዩ ጸሎት ያድርግላት ተባለ። እጅ ወጣ። በሙሉ ድምፅ አለፈ። እጅ ለማውጣትማ ማን ይቀድማቸዋል!

"እጃችሁ እንደሚሠራ አየሁ" አለ ጫማ ሰፊው፤ ወጣ።

ሐሙስ ሆነ። የጫማ ሰፊው ሚስት ማለዳ ሥራ ልትሄድ ስትል እህትየዋን በግራ ጎኗ አስተኝታት ወረደች። አሥራ ሦስቱ ሲደርሱ ረፋዱ ገፍቷል፣ ሦስት ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል። ሽክ ብለዋል፤ ብረት የነካው ሸሚዝ፣ የተወለወለ ጫማ። ግድግዳውን ታክከው ቆሙ፣ የተረፉት ደረጃው ላይ ቀሩ።

"እንኳን መጣችሁ" አለች እህትየዋ፣ ፊቷ ወደ ግድግዳው ነው። "ጎኔ ነዷል። አንዳችሁ ያዙኝና አዙሩኝ።"

ጋሽ ትኬት ጉሮሮውን ጠረገ። "መጀመሪያ ምዕራፉን..."

"መጀመሪያ ጎኔን!"

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። ወገቡን የሚያመው ወገቡን ያዘ። ዘማሪዋ ጭንቅ ሲሆን ልማዷ ነውና መዝሙር አነሣች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። እህትየዋ በዱላዋ ወለሉን ሁለቴ መታች። ከመዝሙሩ በላይ ተሰማ።

ከታች በር ሲንቋቋ ተሰማ፤ ቀጥሎ ደረጃው ላይ የሚጎተት እግር። ጫማ ሰፊው አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባ። ሰዎቹን በትከሻው እየከፈለ አልጋው ጋ ደረሰና እንደ ልማዱ ሊጎነበስ ወገቡን አጠፈ።

"እንዳትነካኝ!" ብላ ጮኸች እህትየዋ። "ዓይንህ ይፈሳል! አንተ ደንቆሮ፣ ውጣ!"

"እና ማን ይንካሽ? እነዚህ?"

መዝሙሩ በራሱ ጊዜ ቆመ። ጋሽ ትኬት መሐላቸው ቆሟል፣ መዝገቡን በሁለት እጁ አቅፎ። አንዲት አሮጊት እንዳትቆስል፣ አንድ ዕውር ሊሆን የተቃረበ ሰው ዓይኑን ሊያወጣ ነው፤ በመሐል ደግሞ ሃያ ስድስት ጤነኛ እጅ አለ፣ ሁሉም የታጠበ። ይህን ለመረዳት ስንት ሳምንት ጥናት ይበቃል?

"ወንድም ዓለም" አለች እህትየዋ። ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ልጅ ሳለ እንዲህ ነበር የምትጠራው። "ያን ነገር አስቀምጠውና ያዘኝ።"

የሚያስቀምጥበት ፈለገ። ጠረጴዛው ላይ መድኃኒት፣ ወንበሩ ላይ አንሶላ። ወለሉ ላይ አስቀመጠው። አልጋው ዝቅ ያለ ነውና መንበርከክ ነበረበት፤ ጉልበቱ ቀጭ ሲል ሁሉም ሰሙት።

"ጉልበቷን ያጥፉ" አለ ጫማ ሰፊው ከላይ። "አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌዋ ላይ። ወደ ራስዎ ይሳቡ። አይግፉ! ሰው ናት እኮ፣ ቁም ሳጥን አይደለችም። አንድ፣ ሁለት..."

ዞረች። ጋሽ ትኬት ሸሚዙ በላብ ተጣበቀ። ከጀርባዋ በኩል ቀይዋን ምልክት አያት።

"ይሄ መቼ ነው የወጣው?"

"አንተ በድምፅ ማጉያ ስትጸልይልኝ።"

ከጀርባዋ የሚደገፈው ትራስ እየተንሸራተተ አስቸገረ። "ወፍራም ነገር ከኋላው ይግባ" አለ ጫማ ሰፊው፤ በእግሩ ወለሉን ሲዳብስ መዝገቡን ነካው። "ይሄስ?" ጋሽ ትኬት አንሥቶ ከትራሱ ኋላ ሸጎጠው። ልክ ገባ። መዝገቡ ከተገዛ ጀምሮ በሽተኛ ሲጠቅም የመጀመሪያው ነው።

ጸሐፊው በር ላይ ሆኖ "ሰብሳቢ፣ እንግዲህ... የዛሬው የት ይጻፍ?" አለ።

ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። "ቀጣዩ ሰባት ሰዓት ላይ ነው" አለ። ለማን እንዳለው አልታወቀም። አሥራ ሁለቱ ወረዱ፤ እሱ ቀረ።

አሁን እንዳታጨበጭቡ። እህቱ ናት! አምስት ወር አልፎበታል። መልአክም አልሆነ፤ በሁለተኛው ቀን ወገቤን አለ፣ በሦስተኛው ቀን ከእህቱ ጋር ስለ መስኮት መክፈቻ ሰዓት ተጣሉ። በአራተኛው ቀን ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግድግዳው ላይ ወረቀት ለጠፈ። በማስመሪያ የተሰመረ፤ ሰዓት፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ጀርባ።

"የፊርማ ቦታው የታለ?" አለችው።

"ቦታ አልበቃም" አለ።

ግን እላችኋለሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በሰዓት የኖረ ሰው ነውና አንዲት ደቂቃ አላዛነፈም። ሰዓቱ ሲደርስ ክፍሉ መሐል ቆሞ "ቀኝ! ቀኝ!" ይላል፤ እሷም "መጣሁ፣ አትጩህ፣ የት እሄድብሃለሁ" ትለዋለች።

ሁለት ሐሙስ ከኮሚቴው ቀረ። ደንቡን ያረቀቀው እሱ ራሱ ነው፤ ያለ ደብዳቤ ሁለት ጊዜ የቀረ አባል "ቀዝቅዟል" ተብሎ ይመዘገባል፣ ኮሚቴውም ወጥቶ ይጠይቀዋል። በሦስተኛው ሐሙስ፣ ልክ አሥር ሰዓት ላይ፣ አሥራ ሁለቱ ደረጃውን ወጡ። ጸሐፊው አዲስ መዝገብ ይዟል።

ጋሽ ትኬት ተንበርክኮ እህቱን ግማሽ ድረስ አዙሯታል፤ ያን ቀን እግሯ አልታጠፍ ብሎታል፣ ላቡ አፍንጫው ላይ ተንጠልጥሏል።

"ወንድማችን፣ ቀዝቅዘሃል ሲባል ሰምተን ልንጠይቅህ..."

"እግሯን ያዝ!"

"እንይዛለን፣ መጀመሪያ ግን እዚህ ጋ ብትፈርምልን..."

"ወይ እግሯን ያዝ ወይ ውረድ!" አለ፣ በድሮው በአውቶቡሱ ድምፅ። መስኮቱ ተርገበገበ። "የማይዝ ይውረድ! መንገድ ልቀቁ!"

ወረዱ። አሥራ አንዱ ተራ በተራ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ጸሐፊው ደረጃው ላይ ቆሞ "ቀዝቅዟል፤ ለመፈረም ፈቃደኛ አልሆነም" ብሎ ጻፈ፣ ሰዓቱንም አልረሳም። ዘማሪዋ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች።

"በየት በኩል ነው የሚያዘው?" አለች።

"ከጉልበቴ በታች የኔ እናት" አለች እህትየዋ። "አይዞሽ፣ እሱ ሲጀምር ካንቺ ይብስ ነበር። ብቻ አትዝፈኚልኝ።"

በማግስቱ ነርሷ መጣች፤ ገለጠች፣ በጣቷ ተጫነች። ምልክቷ አልተከፈተችም፣ ጠፍታ ልታልቅ ነው። "ማነው ሰዓቱን የያዘው?" አለች። አልጋዋ ላይ ያለችው ሴትዮ በዱላዋ ግድግዳውን አመለከተች።

ጸሎት ቤቱ ውስጥ ግን አሁንም ሐሙስ ሐሙስ ስለ ጋሽ ትኬት በድምፅ ማጉያ ይጸለያል። ወደ ቀደመ ፍቅሩ እንዲመለስ። ጸሐፊው ስሙ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይርገበገባል አሉ።

የጫማ ሰፊው ፋሻ ተፈትቷል፣ ሁለቱ ሳምንታትም ካለፉ ቆይተዋል። ቀን ቀን ማገላበጡን ለሁለት ተካፈሉት፤ ጠዋት ጫማ ሰፊው፣ ከሰዓት ጋሽ ትኬት። አንድ ቀን ጋሽ ትኬት ከደረጃው ሲወርድ ጫማውን አውልቆ ሰጠው። ጫማ ሰፊው በአዲሱ ዓይኑ ወደ ብርሃን አስጠግቶ አገላብጦ አየው፤ ተረከዙን ትቶ ጫፉ ላይ ቆየ።

"ጋሼ፣ ይሄ ጣቱ ላይ ነው የተላጠው። ምን ሆነው ነው?"

"ምን እሆናለሁ" አለ ጋሽ ትኬት፣ በካልሲው ቆሞ ሰዓቱን እያየ። "አልጋውን አሳጥረህ ቆርጠኸው ነው እንጂ። ቶሎ በል፣ ግራ ሊደርስ ነው።"